ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የአሮጌ ትራክተር ቻርጅ አፈታተሽና አያያዝ

ማታ ቁልቁለት አናት ላይ ቆሞ የሚያድር ትራክተር ካያችሁ ባትሪው እንደደከመ እወቁ። ጠዋት ረዳቱ ከጎማው ሥር ድንጋዩን ያነሳል፣ ሹፌሩ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፣ ሞተሩ ይነሳል። ደሴና ሐይቅ ዙሪያ ቁልቁለት ስለማይጠፋ እንዲህ እያሉ ዓመት መግፋት ይቻላል። ቆቦ ሜዳ ወይም ጨፋ ላይ ግን ሌላ ትራክተር መጥቶ እስኪጎትተው መጠበቅ ነው። ያኔ ባለቤቱ ተማርሮ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ አዲሱም ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ አሮጌው ይሆናል። ብዙ ጊዜ ባትሪው ጥፋት የለበትም፤ የሚያጎርሰው አጥቶ ነው።

ይህ መመሪያ እንደ ማሲ ፈርጉሰን 135፣ 165፣ 240 እና 290፣ እንደ ፎርድ 5000፣ እንደ ቤላሩስ ኤምቲዜድ 80 ላሉ ባለ 12 ቮልት አሮጌ ትራክተሮች ነው። የሁሉም አሠራር አንድ ነው። ሞተሩ በችንጋ አልተርኔተሩን ወይም ዲናሞውን ያዞራል፤ የሚመነጨውን ኤሌክትሪክ ሬጉላተሩ ከልክ እንዳያልፍ ይቆጣጠረዋል፤ ኤሌክትሪኩ በወፍራሙ ገመድ ወደ ባትሪው ሄዶ በትራክተሩ ብረት በኩል ይመለሳል። የመመለሻውን መንገድ ሰው ይረሳዋል፤ ብዙው ብልሽት ግን የሚገኘው እዚያ ነው።

ሰው ሁለቱንም ዲናሞ ስለሚላቸው የእናንተ የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ለዩ። ዲናሞ ረዘም ቀጠን ያለ በርሜል ሆኖ ከኋላው አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ተርሚናል አለው፤ ሬጉላተሩም ለብቻው በሳጥን ውስጥ ይታሰራል። አልተርኔተር አጠርና ወፈር ያለ፣ ዙሪያው አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ነው። አፈታተሻቸው ይለያያል።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ብዙ አይደለም። አንድ ዲጂታል መልቲሜትር፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቁልፎች (አሮጌዎቹ ማሲዎች ላይ የኢንች ቁልፍ፣ በተለይ ግማሽ እና ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ)፣ የባትሪ አሲድ መለኪያ (ሃይድሮሜትር)፣ ዲስቲልድ ውሃ፣ ቤኪንግ ሶዳ እና ቫዝሊን ይበቃል። ርካሹ መልቲሜትር እንኳ ለዚህ ሥራ ያገለግላል፤ ያለ መልቲሜትር ግን መገመት እንጂ መፈተሽ የለም።

ከመንካታችሁ በፊት

ሞተር እየሠራ ችንጋው አጠገብ ሽርጥም ፎጣም አይቀርብም። ኬሚሴና ባቲ አካባቢ ሽርጥ ታጥቆ መሥራት የተለመደ ስለሆነ ነው ይህን ማንሳቴ፤ ቬንቲላተሩ ጨርቅ ከያዘ አይለቅም። ሰዓትና ቀለበት ይውለቅ። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል፤ የአሲዱን ልክ ለማየት ላይተር የሚያበራ ሰው አሁንም አለ፤ የስልክ መብራት ተጠቀሙ። አሲድ ዐይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ባትሪ ሲፈታ መጀመሪያ የሚነቀለው ከትራክተሩ ብረት ጋር የታሰረው ገመድ (ማሳ የሚባለው) ነው፤ ሲታሰር ደግሞ እሱ መጨረሻ ይሆናል። አብዛኞቹ ላይ ይህ ኔጋቲቩ ነው። እንደ ማሲ 35 እና ፎርድሰን ሜጀር ባሉ የቆዩ ትራክተሮች ላይ ግን ብረት ላይ የታሰረው ፖዘቲቩ ሊሆን ይችላል፤ ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት።

1. ቁልፉና የቻርጅ መብራቱ

አሮጌ ናፍጣ ትራክተርን የሚያጠፋው ቁልፉ አይደለም፤ የሚሳበው ስቶፕ ነው። ሹፌሩ ስቶፑን ይስባል፣ ሞተሩ ዝም ይላል፣ ሰውየው ይወርዳል፤ ቁልፉ ግን ክፍት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የቻርጅ መብራቱ በርቷል፤ በፀሐይ ስለማይታይ ማንም ልብ አይለውም። 2.2 ዋት አምፖል ብቻውን 0.2 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ትራክተሩ ሳምንት ከቆመ ከ100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ሲሶው እዚያች አምፖል ላይ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ለሹፌሩ የምትነግሩት የመጀመሪያ ነገር ስቶፕ ከሳበ በኋላ ቁልፉን እንዲዘጋ ነው።

አሁን ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቁልፉን ክፈቱ። የቻርጅ መብራቱ መብራት አለበት፤ ሞተሩ ተነስቶ ጋዝ ሲሰጠው መጥፋት አለበት። ቁልፍ ሲከፈት ጭራሽ ካልበራ ችግሩ ከመብራትነት ያልፋል። ብዙ አልተርኔተሮች ማመንጨት የሚጀምሩት በዚህች አምፖል በኩል በሚደርሳቸው ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሆነ አምፖሏ ከተቃጠለች ጤነኛ አልተርኔተር ዝም ብሎ ሊዞር ይችላል። ስትተኩ ዋቷን ጠብቁ፤ በኤልኢዲ ከተተካች አልተርኔተሩ ላይነሳ ይችላል።

2. ችንጋው

ረጅሙ ክፍሉ መካከል ላይ በአውራ ጣት ጫኑት። ከ12 እስከ 20 ሚሊሜትር ገባ ካለ ደህና ነው፤ የትራክተራችሁ መጽሐፍ ካለ የእሱን ልክ ተከተሉ። ከዚያ በላይ ከላላ ጭነት ሲመጣበት ይንሸራተታል፤ መብራት ስታበሩ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ከመጠን በላይ ማጥበቅም የአልተርኔተሩንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል።

የችንጋውን ጎን ተመልከቱ። እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ወይም ከተሰነጣጠቀ ይቀየር። ችንጋ የሚይዘው በጎኑ ነው፤ አልቆ የፑሊውን ጎድጓዳ መቀመጫ ከነካ የቱንም ያህል ብትወጥሩት ይንሸራተታል። ስትወጥሩ አልተርኔተሩን በብረት የምትገፉት ፑሊው ካለበት ከፊተኛው ክዳን ብቻ ነው፤ ከኋላው ወይም ከመሐሉ ከገፋችሁት ይሰነጠቃል። አዲስ ችንጋ ጥቂት ከሠራ በኋላ ይለጠጣልና በዚያው ቀን እንደገና ጫን አድርጋችሁ እዩት።

3. ባትሪው

ባትሪ የሚለካው ካረፈ በኋላ ነው። ሞተሩ እንደጠፋ ከለካችሁት ቁጥሩ ያታልላችኋል፤ ቢያንስ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እስኪደርስ ይቆይ፣ ቢያድር ደግሞ ይሻላል። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት ሩብ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ገደማ ነው፤ ከ11.8 በታች ካሳየ ባዶ ነው በሉት። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲዞር ደግሞ ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም፤ ከወረደ ወይ ባትሪው አልተሞላም ወይ አንድ ቤት (ከባትሪው ስድስት ክፍሎች አንዱ) ሞቷል።

የትኛው ቤት እንደሞተ የሚነግራችሁ የአሲድ መለኪያው ነው። ሙሉ ባትሪ ከ1.26 እስከ 1.28 ያሳያል፣ ግማሽ የሆነው 1.20 አካባቢ። አምስቱ ቤቶች ተመሳሳይ ሆነው አንዱ ከ0.05 በላይ ከወረደ ያ ባትሪ አይድንም፤ ገንዘባችሁን ቻርጅ ላይ አታባክኑ። ሁሉም እኩል ዝቅ ካሉ ግን ባትሪው የተራበ ነው፤ ቻርጅ አስደርጉት። ለ100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 10 አምፔር ተገቢ ነው። ባዶ ባትሪ አስራችሁ «እየሠራ ይሞላል» አትበሉ፤ አልተርኔተሩ በሙሉ አቅሙ ለሰዓታት እየተጨነቀ ይግላል።

ውሃው ከሳህኖቹ በላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ይሁን። የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ነው፤ የቧንቧም የጉድጓድም አይሆንም፣ አሲድም አይጨመርም። ቆቦ፣ ሮቢትና ጎብዬ ሙቀቱ ስለሚያተን በየሁለት ሳምንቱ ክፈቱና እዩ፤ ደሴ ላይ በወር አንዴ ይበቃል። ቆላም ሳይሆን ውሃው ቶሎ ቶሎ ካለቀ ሬጉላተሩን ጠርጥሩ፤ ከልክ በላይ እየሞላ እያፈላው ነው።

4. ገመዶቹና ማሳው

እዚህ ጋ ጊዜ ስጡት። በአሮጌ ትራክተር ላይ «ዲናሞው ሞተ» ተብሎ ከሚፈታው ስንቱ ደህና ሆኖ ገመዱ ነው የበሰበሰው!

የባትሪውን ማሰሪያዎች ንቀሉ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካበቀሉ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡ፤ ሶዳው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይጠበቁ። የባትሪውን ራስና የማሰሪያውን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ፈትጉ፣ እሰሩ፣ ከታሰረ በኋላ ቫዝሊን ቀቡ። ቫዝሊኑ ከማሰሩ በፊት ሳይሆን በኋላ ነው።

ቀጥሎ የማሳውን ገመድ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ሻሲው ወይም ሞተሩ ላይ የታሰረበትን ብሎን ፍቱ፤ ከሥሩ ዝገት፣ ግራሶ ወይም ቀለም ታገኛላችሁ። አዲስ ቀለም የተቀባ ትራክተር ቻርጅ እምቢ ሲል እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቀለሙን ነው፤ ለገበያ ተብሎ ከነብሎኑ በቀይ የተረጨ ማሲ ስንት አለ! ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፈትጉና በሚያጠብቅ ዋሸር እሰሩ። የአልተርኔተሩ መያዣ ከሞተሩ ጋር የሚነካካበትንም እንዲሁ አድርጉ፤ የእሱ ማሳ ያ ነው።

በዐይን ደህና የሚመስል ገመድ ውስጡ ጥቁር ዱቄት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህን የሚያጋልጠው መልቲሜትሩ ነው። ሞተሩን አስነሱ፣ ጋዝ ከፍ አድርጉ፣ የፊት መብራት አብሩ። ሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ አልተርኔተሩ ላይ ወፍራሙ ገመድ የታሰረበት ተርሚናል፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ አሳርፉ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ በዚያ መንገድ ላይ ኤሌክትሪኩ እየባከነ ነው። ከዚያ አንዱን ጫፍ የአልተርኔተሩ ገላ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ አድርጉ፤ ከ0.2 ካለፈ ማሳው ደካማ ነው። ማሰሪያው ላይ ሳይሆን የባትሪው ራስ እርሳስ ላይ መለካታችሁን አትርሱ፤ አለዚያ የማሰሪያው ዝገት ሳይቆጠር ያልፋል።

በእጅ ተጠማዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥል ካገኛችሁ ቁረጡት፤ በስታኞ በይዳችሁ ወይም በሚጠበቅ ማገናኛ አያይዙት። ዋልካ አፈርና ንዝረት ባለበት እርሻ ላይ ፕላስተር ብቻውን አንድ ክረምት አይሻገርም።

5. ቻርጁን መለካት

ሞተሩን አስነሱና ከዝቅተኛው ጋዝ ከፍ አድርጉ። የባትሪው ሁለት ራስ ላይ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 ካሳየ ሥርዓቱ ጤነኛ ነው። መብራቱን ሁሉ አብሩና ድገሙት፤ ከ13.5 በታች ካልወረደ ጥሩ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ በፊት የነበረው ቁጥር፣ ለምሳሌ 12.3፣ ካልተንቀሳቀሰ ምንም እየገባ አይደለም። ከ14.8 ካለፈ ሬጉላተሩ አልሠራም፤ ይህ ካለመሙላት ይብሳል፤ ባትሪውን ያፈላል፣ አምፖሎችን ይጨርሳል።

6. አልተርኔተር ከሆነ

እስከ እዚህ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልሞላ አሁን አልተርኔተሩን ለመጠርጠር መብት አላችሁ።

የቻርጅ መብራቱ ቁልፍ ሲከፈት የማይበራ ከሆነ ቀጭኑን የመብራት ገመድ ከአልተርኔተሩ ንቀሉና ቁልፉን ከፍታችሁ ከብረት ጋር አነካኩት። መብራቱ ከበራ አምፖሉም ገመዱም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ውስጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ካርቦን (የሚዞረውን ክፍል እየነካ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ቁራጭ) ነው። ካልበራ አምፖሉን፣ ፊውዙንና ገመዱን እዩ። ወፍራሙን ገመድ ግን በስሕተት ብረት እንዳታስነኩት፤ እሱ ቀጥታ ከባትሪው ስለሚመጣ ይቀጣጠላል።

ካርቦን መቀየር እቤት የሚሠራ ነው። የባትሪውን ማሳ ንቀሉ፣ የኋላውን ክዳን ፍቱ፣ ካርቦን መያዣውን አውጡ። ካርቦኑ ከአዲሱ ግማሽ ከደረሰ ይቀየር፤ ስፕሪንጉ ሲጫን መመለስ አለበት። የሚነካቸው የመዳብ ቀለበቶች ከጠቆሩ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ጥረጓቸው።

ዳዮድ (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዕቃ) መቃጠሉን በሁለት መንገድ ታውቃላችሁ። ሞተሩ እየሠራ ሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ባትሪው ላይ ስትለኩ ከ0.5 በላይ ካሳየ ዳዮድ ሄዷል። ሁለተኛው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ጠዋት አልተርኔተሩን ስትነኩት ሞቅ ካለ፣ ሌሊቱን ሙሉ የባትሪውን እየጠጣ ነበር። ዳዮድና ኩሽኔታ መቀየር ማሽንና ልምድ ይፈልጋል፤ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላለ የመኪና ኤሌትሪሺያን ስጡት። የለካችሁትን ቁጥር ጽፋችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ያልተበላሸ ነገር አይቀየርባችሁም።

7. ዲናሞ ከሆነ

ዲናሞ በዝቅተኛ ጋዝ አይሞላም፤ ይህ ተፈጥሮው ነው። የሉካስ ሲ40 ዲናሞ 22 አምፔር ይሰጣል፣ ያውም በጥሩ ዙር። ከኋላው ባለው ቀዳዳ በየሰርቪሱ ጥቂት ጠብታ የሞተር ዘይት ይፈልጋል፤ በዝቶ ከፈሰሰ ካርቦኑን ያበላሻል።

ለመፈተሽ ሁለቱንም ገመድ ንቀሉ፣ ሁለቱን ተርሚናሎች በአንድ ሽቦ አገናኙ፣ ሜትሩን በዚያ ሽቦና በዲናሞው ገላ መካከል አድርጉ። ሞተሩን በዝግታ አስነሱና ጋዙን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ቮልቱ ቶሎ ከፍ ማለት አለበት፤ 20 ከመድረሱ በፊት ጋዙን ቀንሱ። እንደዚህ ከሆነ ዲናሞው ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ የሬጉላተሩ ወይም የገመዱ ነው። ምንም ካላሳየ ካርቦኑን እዩ። 1 ቮልት አካባቢ ከቆመ ፊልድ የሚባለው ጥቅልል፣ 4 ወይም 5 ላይ ከቆመ አርማቸሩ (የሚዞረው ክፍል) ተበላሽቷል።

ብዙ ጊዜ ሳይሠራ የቆመ ወይም ተፈትቶ የተሠራ ዲናሞ መግነጢሱን ያጣል። ትንሹን ተርሚናል ከሬጉላተሩ ነቅላችሁ፣ ብረት ላይ ካልታሰረው የባትሪ ራስ በሚመጣ ሽቦ ለአፍታ ንክት አድርጉት፤ ትንሽ ብልጭታ ይታያል፣ ይበቃል።

የሬጉላተሩን ሳጥን ክዳን ከፍታችሁ መገናኛ ነጥቦቹን በቀጭን ወረቀት ማጽዳት ይቻላል። ብሎኖቹን በግምት ማዞር ግን የለም። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ከሳጥኑ የመቃጠል ሽታ ከመጣ ወይም ዲናሞው ከጋለ፣ ነጥቦቹ ተጣብቀዋልና የባትሪውን ማሳ ወዲያው ንቀሉ።

መተው ያለባቸው ልማዶች

ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ «ከጠፋ ዲናሞው አይሠራም፣ ካልጠፋ ይሠራል» የሚል ሙከራ በየጋራዡ አለ። ከቤንዚን መኪና የተወረሰ ነው። አሮጌ ናፍጣ ሞተር ለመሥራት ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ አልተርኔተሩ ሞቶም ቢሆን አይጠፋም። ስለዚህ ሙከራው ምንም አይነግራችሁም፤ ይልቁንም ገመዱ በተነቀለበት ቅጽበት ቮልቱ ይዘልልና ጤነኛ የነበረውን ዳዮድና ሬጉላተር ያቃጥላል። መልቲሜትር እያለ መካኒክ ይህን ሲያደርግ ዝም አትበሉት።

ከጭነት መኪና ባትሪ ማገናኘትም ጥንቃቄ ይሻል። ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ታስሮባቸዋል። መገናኘት ያለበት 12 ከ12 ጋር ነው። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ከተምታታ ደግሞ ዳዮዶቹ ለመቃጠል አፍታ አይፈጅባቸውም።

መጎተቻው ወይም ማረሻ ማንሻው ተሰብሮ በኤሌክትሪክ ሊበየድ ሲል የባትሪውን ማሳና የአልተርኔተሩን ገመዶች አስቀድማችሁ ንቀሉ። ቦርከና ወርዳችሁ ትራክተር ስታጥቡም ውሃ ወደ አልተርኔተሩ አትርጩ፤ ወይ በላስቲክ ሸፍኑት።

አውድማና ማቆያ

ኅዳርና ታኅሣሥ ትራክተሩ አውድማ ላይ ጤፍና ማሽላ ሲያበራይ እብቁ የአልተርኔተሩን አየር ማስገቢያ ይደፍናል፤ ያኔ ይግላል፣ ዳዮዱም ይሄዳል። ማታ ማታ በኮምፕሬሰር ወይም በደረቅ ብሩሽ አጽዱት። እብቅ የሚቀጣጠል ስለሆነ የተላጠ ገመድ በዚህ ወቅት እሳት ነው፤ ከአውድማው በፊት ገመዱን ሁሉ እዩ።

መብራት ስትጨምሩ ሒሳቡን ሥሩ። 22 አምፔር ዲናሞ በ14 ቮልት 300 ዋት ገደማ ነው። የፊት መብራት ሁለቱ 90 ዋት፣ የኋላ የሥራ መብራት 55 ዋት፣ ከዚያ ቴፑ፣ ከዚያ የረዳቱና የጎረቤቱ ስልክ። በሌሊት ቀስ እያለ ተጎታች የሚጎትት ትራክተር ዙሩ ዝቅ ስለሚል ከሚያስገባው የሚያወጣው ይበልጣል። ኤልኢዲ የሥራ መብራት እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ትራክተሩ ከወር በላይ የሚቆም ከሆነ ባትሪውን ሞልታችሁ ማሳውን ንቀሉ፣ በወር አንዴ ለኩት፣ ከ12.4 ከወረደ ቻርጅ አስደርጉት። ማሳውን ሳትነቅሉ ቆሞ የሚደክም ከሆነ፣ ቁልፉን ዘግታችሁ መልቲሜትሩን 10 አምፔር ላይ አድርጉና በኔጋቲቩ ራስና በተነቀለው ገመድ መካከል አስገቡት፤ ቴፕ ለሌለው ትራክተር ዜሮ ወይም ወደዚያ የተጠጋ መሆን አለበት። ሜትሩ እዚያ እንዳለ ሞተር ለማስነሳት አትሞክሩ። ካፈሰሰ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ቁጥሩ የሚወርድበትን መስመር ፈልጉ፤ ምንም ካልቀነሰ የአልተርኔተሩን ወፍራም ገመድ ንቀሉና እንደገና እዩ።